ዓሣ ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወራት መንጠቆ ወይስ መረብ?

«ዓሣን መብላት በብልሃት» የሚለው የአባቶቻችን ተረት ስለ ዓሣው እሾህ የተነገረ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቃሉን አስፍተን የተመለከትነው እንደ ሆነ፥ ብልሃቱ የሚያስፈልገው ዓሣው ከማዕድ ከቀረበ በኋላ ብቻ ሳይሆን ገና በውሃው ውስጥ ሳለ ነው። በምን መሣሪያ፥ በየትኛው ውሃ፥ በየትኛውስ ወር ይጠመድ ብሎ አስቀድሞ ያላሰበ ሰው፥ ዛሬ ጠግቦ ቢያድር ለልጁ የሚያወርሰው ባዶ ወንዝ ነው። ስለዚህ አገር ለሚያስተዳድሩ ሹማምንትና የወንዝ ዳር መሬት በእጃቸው ላለ ሰዎች ሁሉ ጥቂት አሳብ ለማቅረብ እወዳለሁ። አሳቤም በአጭሩ ይህ ነው፤ ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ከሐይቅ ወደ ወንዝ በሚወጣበት ወራት፥ በወንዙ አፍና በወንዙ ውስጥ መረብ መጣል ፈጽሞ ሊቀር፥ መንጠቆ ግን በልክና በሥርዓት ሊፈቀድ ይገባል።

ይህን ስል፥ «የመንጠቆና የመረብ ምርጫ የአጥማጁ ጉዳይ እንጂ የሹም ጉዳይ አይደለም» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን መሣሪያዎቹ በሚሠሩት ሥራ እጅግ ይለያያሉ። መንጠቆ አንድ በአንድ ይይዛል፤ አጥማጁም የያዘውን በዓይኑ አይቶ፥ ትንሽ ወይም እንቁላል ያዘለ ቢሆን በሕይወቱ ሊመልሰው ይችላል። መረብ ግን ባለቤቱ ተኝቶ ሳለ ሌሊቱን ሁሉ ይይዛል፤ የሚመርጠውም በቀዳዳው ስፋት ብቻ ነው። ወንዙን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶ የሚሠራ የአጥር ወጥመድ ደግሞ የሚያልፈውን ሁሉ ያስቀራል። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በውሃ ላይ መበተንም ከትልቁ ጋራ ትንሹን አብሮ ይፈጃል። እንግዲህ መሣሪያን መምረጥ ማለት በወንዙ ውስጥ የሚቀረውን መምረጥ ማለት ነው። ወንዙም የአንድ ሰው ብቻ ስላልሆነ፥ ምርጫው የግድ ወደ አስተዳዳሪው ይመጣል።

ነገሩን በደንብ ለመረዳት፥ በመንጠቆ ማጥመድን ወደ ታላቅ ጥበብ ያደረሰውን አንድ አገር አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል። አገሩ ስኮትላንድ ነው፤ ዓሣውም ሳልሞን ይባላል። ይህን ዓሣ የመረጥሁበት ምክንያት ጠባዩ ከጣናው ነጭ ዓሣ ጋራ በአንድ ዋና ነገር ስለሚመሳሰል ነው፤ ሁለቱም እንቁላላቸውን ሊጥሉ ከሰፊው ውሃ ወደ ወንዝ ይወጣሉ፤ ሁለቱም በዚያች መንገድ ላይ ለአጥማጅ እጅግ የተጋለጡ ናቸው።

ሳልሞን በወንዝ ጠጠር ውስጥ ከእንቁላል ይፈለፈላል። አንድ ወይም ጥቂት ዓመት በወንዝ ካደገ በኋላ ወደ ባሕር ወርዶ ይሰባል፤ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶም ወደ ተፈለፈለበት ወንዝ ይመለሳል። ከስኮትላንድ ወንዞች ሁሉ ረጅሙ ቴይ የሚባለው ሲሆን ርዝመቱ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የወንዙ ታችኛ ክፍል፥ ፐርዝ እስከምትባለው ከተማ አካባቢ ድረስ፥ ከባሕሩ ጋራ አብሮ ይሞላል፥ አብሮም ይጎድላል፤ ባሕሩ በቀንና በሌሊት ውስጥ ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይጎድላልና። ሳልሞኑም ብዙ ጊዜ ሙላቱን ተከትሎ ወደ ወንዙ ይገባል።

እንዲህ ባለው ውሃ የሚያጠምድ ሰው ማታለያውን የሚመርጠው እንደ ውሃው ሁኔታ ነው። ጭቃው ተነሥቶ ውሃው በደፈረሰ ጊዜ፥ ዓሣው ሊያየው የሚችል ሰፋ ያለና የሚያብረቀርቅ፥ ሲጎተት የሚሽከረከር ወይም የሚወዛወዝ ማንኪያ መሳይ ብረት ይጥላል፤ የውሃው ኃይል ወደ ላይ እንዳያነሣውም እርሳስ ያስርበታል። ውሃው ጎድሎ በጠራ ጊዜ ግን ብዙ ብልጭታ ዓሣውን ያስደነብረዋልና፥ ትንሽና ደብዘዝ ያለ ማታለያ፥ ወይም በመንጠቆ ላይ ከላባና ከጠጉር የታሰረ ዝንብ መሳይ ነገር ይመርጣል። የሚያስደንቀው ነገር ሳልሞን ወደ ወንዝ ከገባ በኋላ ምግብ መብላቱን የሚተው መሆኑ ነው። ስለዚህ ብልህ አጥማጅ «ዓሣው ምን ይበላል?» ብሎ ሳይሆን፥ «ምን ያያል? ምንስ ያስቆጣዋል?» ብሎ ያስባል።

ስለ ክሩ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቀጭን ክር ለዓሣው ምሕረት፥ ጠንካራ ክር ግን ጭካኔ ይመስላል፤ ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ክሩ ደካማ የሆነ እንደ ሆነ፥ አጥማጁ እንዳይበጠስበት ፈርቶ ዓሣውን ለረጅም ጊዜ ያታግለዋል፤ ዓሣውም ፈጽሞ ከደከመ በኋላ ቢለቀቅ እንኳ ሊሞት ይችላል፤ ይልቁንም ውሃው ሞቃት በሆነ ጊዜ። ክሩ ቢበጠስም መንጠቆው በአፉ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ለሳልሞን የሚመረጠው ክር ከ7 እስከ 9 ኪሎ የሚሆን ክብደት ሳይበጠስ የሚችል ነው። መንጠቆውም ሦስት ጫፍ ያለው ከሚሆን አንድ ጫፍ ያለው፥ ወደ ኋላ የተመለሰችው እሾህም የተደፈጠጠች ብትሆን፥ ዓሣውን ሳያቆስል ይለቀቃል።

በ1922 (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትም ካልተለዩ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጆርጂና ባላንታይን የምትባል ሴት በዚሁ በቴይ ወንዝ 29 ኪሎ የሚመዝን ሳልሞን ሁለት ሰዓት ያህል ታግላ አወጣች፤ በብሪታንያ በዘንግና በክር ከተያዙት ሳልሞኖች ሁሉ ታላቁ እርሱ ነው። ነገር ግን የአጥማጆች ብልሃት ብቻውን ወንዙን ሞልቶ እንዲኖር አላደረገውም። ለዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ የቆመው ኅብረት በታኅሣሥ 2023 እንዳስታወቀው፥ የአትላንቲክ ሳልሞን ቍጥር ከ2006 እስከ 2020 ባለው ጊዜ ከ100 23 እጅ ቀንሷል፤ በብሪታንያም ያለው ለመጥፋት ከተቃረቡት ተቈጥሯል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም፤ የባሕሩ መሞቅ፥ በወንዝ ላይ የተሠራ ግድብ፥ የውሃ መበከልም አለበት።

መንግሥቱስ ምን አደረገ? በስኮትላንድ ከጥንት ጀምሮ መረብ በየሳምንቱ የሚያርፍበት ጊዜ ተወስኖ ነበር፤ በእሑድ ቀንም ሳልሞን በመንጠቆ እንኳ ማጥመድ ክልክል ነው። ከ2015 ጀምሮ ከሚያዝያ መባቻ በፊት የተያዘ ሳልሞን ሁሉ ወደ ውሃው እንዲመለስ ታዘዘ። በ2016 ደግሞ በባሕር ዳር ሳልሞን ይዞ መግደል ስለ ታገደ በዚያ የነበሩት መረቦች ተነሡ፤ ወንዞቹም እንደ ዓሣቸው ብዛት በደረጃ ተከፈሉ፤ ዓሣው ባነሰበት ወንዝ የተያዘውን መልቀቅ ግዴታ ሆነ። ዛሬ በዚያ አገር በመንጠቆ ከሚያዙት 100 ሳልሞኖች ከ90 የሚበልጡት በሕይወታቸው ይመለሳሉ። ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር ነው፤ የተነሣው መረብ ነው፤ መንጠቆው ግን በሥርዓት ቀርቷል። ሥርዓቱ የጠበቀው ዓሣው ካነሰ በኋላ መሆኑም ለኛ ማስጠንቀቂያ ነው።

አሁን ወደ ጣና እንመለስ። ነጭ ዓሣ የምንለው ባሕር አያውቅም፤ ባሕሩ ጣና ነው። የሐይቁ ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት ስፍራ 14 ሜትር ብቻ ነው። እንግዲህ ይህን ያህል ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ዓሣ ከመረብ የሚሸሸግበት ስፍራ ጥቂት ነው። ከሐይቁ በታች 40 ሜትር ያህል የሚወርደው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ስላለ፥ የታችኛው ዓባይ ዓሣ ወደ ጣና ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ በጣና የተለየ ትውልድ በቅሎአል። ሊቃውንት ከነጭ ዓሣ ወገን ከ15 የማያንሱ ዓይነቶችን ለይተው ስም ሰጥተዋል፤ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ከዚህ ሐይቅና ከገባሮቹ በቀር በሌላ ስፍራ አይገኙም። ከነዚህም 8ቱ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚበሉ ናቸው፤ በመንጋጋቸው ጥርስ የሌላቸው ዓሦች እንዲህ ያለ አዳኝ መሆናቸው የሚያስደንቅ ነገር ነው። ሳልሞን ከቴይ ቢጠፋ በሌላ አገር ወንዝ ይገኛል፤ የጣናው ነጭ ዓሣ ቢጠፋ ግን ከወዴት ይመጣል?

ከነጭ ዓሣ ዓይነቶች አያሌዎቹ ክረምቱ ሲበረታ፥ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፥ በጉማራ፥ በርብ፥ በመገጭና በሌሎች ገባሮች አፍ ተሰብስበው ወደ ላይ ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት ውሃው ጠርቶ በሚፈስበት የጠጠር አልጋ ላይ ነው። ጭቃ የሸፈነው ወይም የቆመ ውሃ አይሆናቸውም፤ እንቁላሉ ያለ ንጹሕ አየር ይታፈናልና። አንዲት እንስት የምትይዘው እንቁላል በሺህ የሚቈጠር ነው። ነጭ ዓሣ ቀስ ብሎ የሚያድግ ስለ ሆነ፥ የዛሬዋን እናት የምትተካው ልጅ ለመውለድ አያሌ ዓመት ትፈልጋለች። እንግዲህ በዚያ ወራት በወንዝ አፍ የተዘረጋ መረብ የሚይዘው ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የሚመጡትንም ዓመታት ጭምር ነው። ከናንተ መካከል ያረገዘች ላሙን የሚያርድ፥ ወይም የዘር እህሉን በሰኔ የሚፈጭ ሰው ማን ነው?

የጣና ማጥመድ ቀድሞ እንዲህ አልነበረም። የነገደ ወይጦ ሰዎችና ሌሎችም የሐይቁ ዳር ነዋሪዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ በዳር በዳር ያጠምዱ ነበር፤ ታንኳውም መረቡም ሩቅ አይሄዱም። በ1986 የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። ጥቅማቸውን መካድ አይገባም፤ ለብዙ ቤተ ሰብ እንጀራ ሆነዋል፤ ዓሣውም ባሕር ዳርን አልፎ እስከ አዲስ አበባ ገበያ ደርሷል። ነገር ግን ሊቃውንት በ1991ና በ2001 መካከል የሐይቁን ዓሣ መርምረው፥ ነጭ ዓሣ በክብደት ከ100 75 እጅ፥ በቍጥር ከ100 80 እጅ እንደ ቀነሰ አገኙ። ከምክንያቶቹም ዋናው ሊወልድ የተሰበሰበውን ዓሣ በወንዝ አፍ በመረብ መያዝ ነው ብለው ገመቱ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አንድ ነጠላ ክር ብቻ የሆነ፥ በውሃ ውስጥ የማይታይ፥ ዋጋው የረከሰ፥ ዓይኑም የጠበበ መረብ በዝቶአል። ይህ መረብ ሲቀደድ አይጠገንም፤ በውሃው ውስጥ ይጣላል፤ አይበሰብስምና ባለቤት የሌለው ሆኖ ዓሣ መያዙን ይቀጥላል።

ከ2011 ወዲህ የታየው እንቦጭ ሐይቁን ስለ ጎዳው፥ ብዙ ሰው የዓሣውን መጥፋት ሁሉ በአረሙ ላይ ይጥላል። እንቦጭ ታላቅ ጠላት መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከላይ የተናገርነው ጉድለት የታየው እንቦጩ ከመምጣቱ 10 ዓመት አስቀድሞ ነው። አረሙን እየነቀልን መረቡን ብንተወው፥ በአንድ እጅ ያነሣነውን በሌላው እጅ ማፍሰስ ይሆናል።

አሁን ተቃዋሚዎች የሚሉትን እንስማ። የመጀመሪያው፥ «ድኻው አጥማጅ በክረምት ምን ይብላ?» የሚለው ነው። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ መልስ ሳያዘጋጅ የሚከለክል ሹምም ይፈርዳል እንጂ አያስተዳድርም። ነገር ግን እኔ እንዲከለከል የምለው ሐይቁ በሙሉ አይደለም፤ የገባሮቹ አፍና ወንዞቹ ብቻ ናቸው። ከወንዝ አፍ ርቆ በሰፊ መረብ ማጥመድ ይቻላል። በወንዙ ዳርም መንጠቆ ይቀራል። እዚህ ላይ የቴይ አጥማጆች ብልሃት ለኛ ይጠቅማል። ጉማራና ርብ በክረምት አፈር ተሸክመው ስለሚደፈርሱ፥ ቀጭን ክርና ትንሽ ማታለያ በዚያን ጊዜ ዋጋ የለውም። አምባዛ በጢሙና በሽታ ምግቡን ፈልጎ የሚያገኝ ነውና፥ ሥጋ ወይም ትል ሰክቶ እርሳስ አስሮ እስከ ታች ማውረድ ይሻላል። ቀረሶ ለሊጥና ለትል ይመጣል። ዓሣ በሉ ነጭ ዓሣ የሚያብረቀርቅ ማንኪያ ይከተላል፤ እርሱ ግን በዚያ ወራት በመንጠቆ ቢያዝ እንኳ፥ ሆዷ የሞላ እንስት ከሆነች ትለቀቅ። ለዚህ ነው ጠንካራ ክርና እሾህ የሌለው መንጠቆ የሚያስፈልገው፤ በደካማ ክር ተታግላ የደከመች እናት ብትለቀቅም ወደ ጠጠሩ ላትደርስ ትችላለችና።

ሁለተኛው፥ «ጾም ሲገባ ገበያው ዓሣ ይፈልጋል» የሚለው ነው። በጾም ዓሣ መብላት ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን እተወዋለሁ። ነገር ግን ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን ጀምሮ ለ15 ቀን የሚጾም ስለ ሆነ፥ ዓሣው ወደ ወንዝ ከሚወጣበት ወራት ጋራ ይጋጠማል። ነጋዴው ዋጋ በሚጨምርበት ጊዜ ዓሣው በጠባብ ስፍራ ተሰብስቦ መገኘቱ ፈተናውን እጥፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ጠባቂ በወንዙ አፍ መቆም ያለበት በተለይ በነዚያ ሳምንታት ነው።

ሦስተኛው፥ «ሕጉ አለ፤ ሌላ ምን ይጨመራል?» የሚለው ነው። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 በእኛ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. መውጣቱ እውነት ነው፤ የአማራ ክልልም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ነገር ግን አዋጅ በወረቀት ሆኖ ወንዝ አይጠብቅም። ጉማራ ሐይቁን በሚገናኝበት ስፍራ ነሐሴ ውስጥ በሌሊት ስንት መረብ እንደሚዘረጋ የሚያውቀው በአዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ አይደለም፤ የቀበሌው ሰው ነው። የቀበሌው ሰው ደግሞ የሚንቀሳቀሰው የበላዩ ሲጠይቀው ነው። ሹም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ «በወረዳዬ ባለው ወንዝ አፍ መረብ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ያልጠየቀ እንደ ሆነ፥ ዝም ማለቱ ፈቃድ ሆኖ ይቈጠራል።

እንግዲህ በእኔ አሳብ ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጥቅምት መጨረሻ በገባር ወንዞች አፍና በውስጣቸው መረብና የአጥር ወጥመድ አይኑር። ለመንጠቆ አጥማጅ ለአንድ ሰው አንድ ክርና አንድ መንጠቆ ይፈቀድለት። በሐይቁ የሚጣለው መረብ ተወጥሮ ሲለካ የአንዱ ዓይን ስፋት ከ10 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ይደረግ፤ ይህንም ለመለካት ሹሙ የተቈረጠ እንጨት ቢይዝ ይበቃዋል፥ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። ነጠላ ክር የሆነው የፕላስቲክ መረብ ድኻው አጥማጅ እጅ ከመድረሱ በፊት በገበያ ይያዝ፤ ሻጩን ትቶ ገዢውን ብቻ መቅጣት ፍርድ አይደለምና። ብርብራ በወንዝ መበተን ይቅር፤ ያው ውሃ የከብትና የሰው መጠጥ ነው።

የወንዝ ዳር መሬት በእጃችሁ ላለ ደግሞ አንድ የተለየ አደራ አለባችሁ። ለቤትና ለመንገድ ሥራ ጠጠርና አሸዋ ከወንዝ ሲወጣ፥ ዓሣው እንቁላሉን የሚጥልበት አልጋ አብሮ ይጫናል። ለመስኖ ተብሎ ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ሲዘጋም መረብ ሳይኖር ዓሣው ታግዶ ይቀራል። ጠጠሩ ከሌላ ስፍራ ይነሣ፤ መስኖውም ለዓሣው ማለፊያ የሚሆን ውሃ ይተው። ይህ ሳይደረግ በመረብ ላይ ብቻ መጨከን በሩን ዘግቶ መስኮቱን እንደ መክፈት ነው።

ከሁሉ በላይ አጥማጆቹ ራሳቸው ተጠርተው ይመከሩ። ወንዙን ከማናቸውም ሹም ይልቅ የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ ዓሣው ከምን ቀን ጀምሮ እንደሚወጣ፥ በየትኛው ገባር እንደሚበዛ፥ ማንስ በሌሊት መረብ እንደሚዘረጋ ይነግሯችኋል። ሥርዓቱን አብረው የወሰኑት እንደ ሆነ ጠባቂዎቹም እነርሱ ይሆናሉ፤ ከላይ ብቻ የወረደባቸው እንደ ሆነ ግን መረባቸውን ከቀን ወደ ሌሊት ያዛውሩታል እንጂ አያነሡትም።

ይህ ሥራ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም፤ ወራቱን ማወቅና በወራቱ መገኘት ነው። አራት ወር ወንዙን ያሳረፈ ሹም፥ ስምንት ወር ሐይቁን በደስታ ያስጠምዳል። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፥ ገና በግንቦት፥ እያንዳንዱ የወረዳ ሹም በግዛቱ ያሉትን የወንዝ አፎች ቈጥሮ፥ ለየአንዳንዱ ጠባቂ መድቦ፥ ከአጥማጆቹ ጋራ ተነጋግሮ ይጠብቅ። ሐምሌ ከገባ በኋላ የሚጻፍ ደብዳቤ ዓሣው ከተያዘ በኋላ የሚደርስ ነውና።